ዋት የቆጠበ ሰዓት ያተርፋል፦ በእጅ የሚያዙ የጨዋታ መሣሪያዎችን የባትሪ ቆይታ ስለ ማራዘም የቀረበ ዲስኩር

በእጅ የሚያዝ የጨዋታ መሣሪያ በአንድ ቻርጅ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚወስኑት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛው ባትሪው የያዘው ጠቅላላ ኃይል ሲሆን በዋት-ሰዓት ይለካል። ሁለተኛው መሣሪያው እየሠራ ሳለ የሚበላው ኃይል ሲሆን በዋት ይለካል። የፊተኛው ለኋለኛው ሲካፈል የሰዓቱ ብዛት ይገኛል፤ ጀሪካኑ ስንት ሊትር ይይዛል፣ ቧንቧውስ ምን ያህል ተከፍቷል እንደ ማለት ነው። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2022 ያወጣው ስቲም ዴክ የ40 ዋት-ሰዓት ባትሪ አለው። ከባድ ጌም ሲከፈትበት መላው መሣሪያ ከ20 ዋት በላይ ሊበላ ስለሚችል ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይዘጋል። በዚያው ባትሪ፣ 8 ዋት ብቻ የሚጠይቅ ቀለል ያለ ጌም አምስት ሰዓት ይዘልቃል። (በዚህ ዲስኩር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባትሪ ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የባትሪውን መጠን ነው። የመሣሪያዎቹ ታሪክ ግን ወሳኙ ፍጆታው መሆኑን ደጋግሞ አሳይቷል። እዚህ ታሪኩ ሰፋ ተደርጎ የሚተረከውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መነሻው ጉንፔ ዮኮይ ነው። ዮኮይ በ1965 ኪዮቶ በሚገኘው ኒንቴንዶ ሲቀጠር ኩባንያው የመጫወቻ ካርታ ያመርት ነበር፤ የእሱም ሥራ የማምረቻ ማሽኖቹ እንዳይቆሙ መጠበቅ ነበር። ኋላ የመጫወቻ ዕቃ ፈልሳፊ ሆነ። በፈጣኑ የጃፓን ባቡር ሲጓዝ አንድ መንገደኛ መሰልቸቱን ለማስረሳት የሒሳብ ማሽኑን ቁልፎች ሲነካካ አይቶ፣ ኪስ የሚገባ ጨዋታ አሰበ ይባላል። በ1980 የወጣው ጌም ኤንድ ዋች የዚያ ሐሳብ ፍሬ ነው። ስክሪኑ የሒሳብ ማሽን ስክሪን ዓይነት ነበር፤ የሚሠራውም እንደ እጅ ሰዓት በጠፍጣፋ ትንንሽ ባትሪዎች ነበር። የዮኮይ መርሕ እስከ መጨረሻው ይኸው ሆኖ ቆየ፦ ዋጋው የረከሰ፣ ጠባዩ ተጠንቶ ያለቀለት ቴክኖሎጂ ተወስዶ ማንም ላላሰበው አገልግሎት ይውላል።

በሚያዝያ 1989 በጃፓን ገበያ የቀረበው ጌም ቦይ ይህን መርሕ በተግባር አሳየ። ስክሪኑ በወርድ 160፣ በቁመት 144 ነጥቦች ብቻ ነበሩት። ቀለም የለውም፤ ከደብዛዛ አረንጓዴ እስከ ጥቁር ያሉ አራት ደረጃዎችን ብቻ ያሳያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የራሱ ብርሃን የለውም። ተጫዋቹ ምስሉን የሚያየው ከመስኮት ወይም ከአምፖል የሚመጣው ብርሃን ስክሪኑ ላይ አርፎ ሲመለስ ነው፤ ሲመሽ ወደ መብራት መጠጋት ግድ ነበር። ከስክሪኑ በስተግራ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ባትሪው ሲዳከም አብራ ትደበዝዛለች፤ የዚያ ዘመን ልጆች ጌማቸው ምን ያህል እንደቀረው የሚያውቁት እሷን አይተው ነበር። መሣሪያው በአራት ዳብል ኤ የባትሪ ድንጋዮች 15 ሰዓት ገደማ ይሠራ ነበር።

ተቀናቃኞቹ ሌላ መንገድ መረጡ። የአታሪ ሊንክስ በዚያው ዓመት፣ የሴጋ ጌም ጊር ደግሞ በ1990 ባለ ቀለምና ባለ ብርሃን ስክሪን ይዘው መጡ። ውበታቸው አይካድም፤ ከጌም ቦይ ጎን ሲቀመጡ የአንድ ዘመን ልዩነት ያለ ይመስል ነበር። ዮኮይ ግን የተቀናቃኙ ስክሪን ባለ ቀለም መሆኑ ሲነገረው እፎይ ማለቱ ይተረካል፤ ባለ ቀለም ከሆነ ባትሪው እንደማይበረክት ያውቅ ነበርና። በጌም ጊር ስክሪን ጀርባ የተጋደመው ትንሽ የፍሎረሰንት ቱቦ ጌሙ ቢጫወቱትም ባይጫወቱትም ያለማቋረጥ ይበራል። መሣሪያው ስድስት ድንጋይ ጎርሶ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ይቆይ ነበር።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ቆም ብሎ መሥራት ይጠቅማል። ጌም ቦይ 15 ሰዓት ለመጫወት 4 ድንጋይ ይበቃዋል። ጌም ጊር ለዚያው 15 ሰዓት ከ18 እስከ 30 ድንጋይ ይፈልጋል። ባትሪ የሚገዛው ወላጅ ነው፤ ይህን ልዩነት ለማወቅ ምንም ዓይነት የቴክኒክ ትምህርት አያስፈልገውም ነበር። ጌም ቦይና ተከታዩ ጌም ቦይ ከለር በድምሩ ከ118 ሚሊዮን በላይ ሲሸጡ፣ ጌም ጊር 10 ሚሊዮን ገደማ ላይ ቀረ። እርግጥ ቴትሪስና ፖኬሞን የተባሉት ጌሞች ለጌም ቦይ ውለታ ውለውለታል፤ ዋጋውም ቅናሽ ነበር። ነገር ግን ባትሪው ያለቀበት መሣሪያ የቱንም ጌም ቢይዝ አያጫውትም።

ዮኮይ በ1996 ኒንቴንዶን ለቆ ኮቶ የተባለ የራሱን ድርጅት መሠረተ። በጥቅምት 1997 በመኪና አደጋ ሕይወቱ ስታልፍ፣ ከመጫወቻ ዕቃ አምራቹ ባንዳይ ጋር የተጀመረው መሣሪያ ገና በሥራ ላይ ነበር። ያ መሣሪያ ዎንደርስዋን ተብሎ በ1999 ወጣ። የሚሠራው በአንዲት ዳብል ኤ ድንጋይ ነው፤ አንዲቷም 30 ሰዓትና ከዚያ በላይ ታጫውት ነበር። ከአራት ድንጋይ ወደ አንድ ወርዶ ሰዓቱን እጥፍ ማድረግ፣ በዚህ መስክ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ የላቀው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የብርሃንን ዋጋ በትክክል ለማወቅ የሚፈልግ አድማጭ በ2003 የወጣውን ጌም ቦይ አድቫንስ ኤስፒ ይመልከት። ይህ መሣሪያ የስክሪኑን መብራት የሚያጠፋና የሚያበራ ቁልፍ ነበረው። ኒንቴንዶ መብራቱ በርቶ 10 ሰዓት፣ ጠፍቶ 18 ሰዓት እንደሚቆይ አስታውቆ ነበር። ባትሪውም ፕሮሰሰሩም ያው ሆኖ የተለወጠው መብራቱ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚህ ንጽጽር መብራቱ ብቻውን ከጠቅላላው ፍጆታ 44 በመቶ ያህሉን ይወስድ እንደነበር ማስላት ይቻላል። ስለ ስክሪን ብሩህነት የሚሰጥ ምክር ሁሉ መሠረቱ እዚህ ውስጥ አለ።

ኤስፒ ሌላም ለውጥ ይዞ መጥቷል፤ ድንጋይ መቀየር ቀርቶ በቻርጀር የሚሞላ የሊቲየም-አዮን ባትሪ ተተካ። ይህን ባትሪ ሶኒ በ1991 ለገበያ ያበቃው ሲሆን፣ መሠረቱን የጣሉት ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ከዚያ ወዲህ ትልቁ ኃይል በላተኛ ፕሮሰሰሩ ሆነ። የፕሮሰሰር ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ያድጋል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ቮልቴጁንም መቀነስ ይቻላል። ሁለቱም በ20 በመቶ ቢወርዱ ፍጆታው 51 በመቶ ላይ ይደርሳል፤ ማለትም አንድ አምስተኛ ፍጥነት ተሰጥቶ ግማሽ ያህል ኃይል ይተርፋል። ከዚህ በኋላ ከሚባለው ዋናው ከዚህ ስሌት የሚወጣ ነው።

የኒንቴንዶ ስዊች ታሪክ ይህን በሚገባ ያስረዳል። በመጋቢት 2017 የወጣው የመጀመሪያው ስዊች የ16 ዋት-ሰዓት ባትሪ ነበረው፤ ኩባንያው ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል እንደሚቆይ ገለጸ። በ2019 አጋማሽ ላይ ስሙም መልኩም ያልተለወጠ ሌላ ስዊች ወጣ፤ ከውጭ የሚለየው በተለይ ሙሉ በሙሉ በቀይ መደብ በታተመው ካርቶኑ ነበር። ባትሪው ያው ባለ 16 ዋት-ሰዓቱ ሆኖ ሳለ ቆይታው ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ፦ ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ በፊተኛው ሦስት ሰዓት፣ በኋለኛው አምስት ሰዓት ተኩል ያጫውታል። በዋት ሲሰላ ፍጆታው ከ5.3 ወደ 2.9 ወረደ ማለት ነው። የተለወጠው ዋናው ነገር የፕሮሰሰሩ አመራረት ነው፤ ከ20 ናኖሜትር ወደ 16 ናኖሜትር የማምረቻ ሂደት ሲዘዋወር ያንኑ ሥራ በአነስተኛ ቮልቴጅ መሥራት ቻለ። ያገለገለ ስዊች የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ከሁለቱ የትኛው መሆኑን ነው።

ሌላውም መንገድ፣ ባትሪውን ማሳደግ፣ እንደሚሠራ መካድ አይገባም። አሱስ የተባለው ኩባንያ በ2023 ሮግ አላይ የተባለውን መሣሪያ በ40 ዋት-ሰዓት ባትሪ አውጥቶ በቆይታው ሲወቀስ፣ በ2024 በወጣው አላይ ኤክስ ባትሪውን ወደ 80 አሳደገው። የመሣሪያው ክብደት ከ608 ወደ 678 ግራም ከፍ አለ። ይህ መፍትሔ ግን በአምራቹ እጅ ያለ ነው፤ መሣሪያውን የገዛው ሰው ሊነካው የሚችለው ፍጆታውን ብቻ ነው።

እንግዲህ እስካሁን ከተባለው የሚያዘው ይህ ነው፦ ብርሃን ውድ ነው፤ ፍጥነት ደግሞ ከብርሃንም ይብሳል። ወደ ተግባሩ ሲገባ ነገሩ አጭር ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው የፍሬም ገደብ፣ ማለትም መሣሪያው በሰከንድ ከስንት ምስል በላይ እንዳይሠራ የሚወሰንበት ቁጥር ነው። በሰከንድ 60 ምስል የሚሠራ መሣሪያ ለእያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ አለው፤ 30 ምስል የሚሠራው 33.3 ሚሊሰከንድ። በ40 ላይ 25 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ ይህም በጊዜ ሲለካ የሁለቱ ትክክለኛ መካከለኛ ነው። ስለዚህ 40 ለዓይን ከ30 ይልቅ ለስላሳ ሆኖ ሳለ ከ60 ሥራ ሲሶውን ይቀንሳል። ስቲም ዴክ ላይ ከስክሪኑ በስተቀኝ ያለው ባለ ሦስት ነጥብ ቁልፍ ሲጫን የባትሪ ምልክት ያለበት ክፍል ይከፈታል፤ የፍሬም ገደቡም፣ ፕሮሰሰሩ ከዚህ በላይ እንዳይበላ የሚባልበት የዋት ጣሪያም እዚያው አሉ። ጣሪያው ከ15 ዋት ጀምሮ ጌሙ መንቀርፈፍ እስኪጀምር ድረስ አንድ አንድ እየተቀነሰ ይሞከራል፤ መንቀርፈፍ ሲጀምር አንድ ዋት ይመለስለታል። ብዙ አሮጌና ቀላል ጌሞች በ6 ወይም በ7 ዋት ያለ ችግር ይሠራሉ። ቁጥሩ ለእያንዳንዱ ጌም ለብቻው ሊመዘገብ ስለሚችል ድካሙ የአንድ ጊዜ ነው።

ብሩህነቱ ክፍሉ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይሁን። ባለ ኦሌድ ስክሪን የሆኑት፣ ለምሳሌ በ2021 የወጣው ስዊችና በ2023 የወጣው ስቲም ዴክ፣ ጥቁር ነጥብን የሚያሳዩት ነጥቡን በማጥፋት ስለሆነ ጥቁር የበዛበት ጌም በእነሱ ላይ ይረክሳል። ከኢንተርኔት ጋር የማይገናኝ ጌም ሲከፈት ዋይፋይ ይጥፋ። ንዝረቱ ይጥፋ፤ ሞተር ነውና ይበላል። በጨዋታ መካከል አፕዴት ማውረድ ይቁም። ለአጭር ዕረፍት መሣሪያውን ማስተኛት ይበቃል፤ ለቀናት ለማይነካ መሣሪያ ግን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ይሻላል።

የባትሪው የራሱ ዕድሜ ሌላ ርእስ ቢሆንም ሳይነካ አይታለፍም። የሊቲየም-አዮን ባትሪን የሚያስረጁት በተለይ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ሙቀት፣ እንዲሁም ሞልቶ ለረጅም ጊዜ መቆየት። ሁለቱ ሲገናኙ ጉዳቱ ይባባሳል። ስለዚህ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መሣሪያ አይተውም። አብዛኛውን ጊዜ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚጫወት ሰው ደግሞ የመሙያ ጣሪያ ቢያበጅ ይመከራል፤ ስቲም ዴክም፣ በ2025 የወጣው ስዊች 2ም ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሳይሞላ እንዲያቆም የሚያዝ ምርጫ አላቸው። ዜሮ ድረስ ማራገፍ ባትሪን ያድሳል የሚለው ልማድ ከድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች የቀረ ነው፤ ለሊቲየም አይሠራም።

ፓወር ባንክን በተመለከተ፣ 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚል የተጻፈበት 74 ዋት-ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ጥቂቱ በመንገድ ወደ ሙቀት ስለሚቀየር ስቲም ዴክን አንድ ጊዜ ሞልቶ ሁለተኛውን ያጋምሳል። ከአሜሪካም ሆነ ከዱባይ ለቤተሰብ ይዞ የሚመጣ መንገደኛ በእጅ ሻንጣው ይያዘው፤ በጭነት ሻንጣ ማስገባት በአየር መንገዶች ዘንድ የተከለከለ ነው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈውም እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ነው።

ሳይነካ የሚቀመጥ መሣሪያ ባትሪው ፈጽሞ ካለቀ እስከነጭራሹ ቻርጅ አልቀበልም ሊል ይችላል፤ ኒንቴንዶም ቢያንስ በየስድስት ወሩ እንዲሞላ ያሳስባል። በመሳቢያ የተረሳ መሣሪያ ያለው ሰው ዛሬ ማታ አውጥቶ ይየው። ጀርባው ካላበጠ እስከ ግማሽ ሞልቶ፣ ዘግቶ ያስቀምጠው። ካበጠ ግን ቻርጀር ሳይሰካበት፣ ሳይጫነውና ሳይወጋው፣ ሙያውን ለሚያውቅ ጠጋኝ ይውሰደው።