እናትን ስለ መጠየቅ
(በወርኃዊው ስብሰባችን ላይ የተነገረ)



ዛሬ የምናነሣው የመዋጮ ጉዳይ አይደለም፤ እሱን ገንዘብ ያዣችን ነግሯችኋል። የምናነሣው በሠፈራችን የአንድ ቤት ጠብ ነው። ቤተሰቡ ስም ሳንጠራ እንድንናገር ፈቅዶልናል። የምታውቋቸውም ብትሆኑ አላወቅንም በሉ።

እናትዬዋ ጃጅተዋል። ሐኪም የመርሳት በሽታ ነው ብሏል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ እንዲህ ያለ ሕመም የደረሰበትን ሰው ዘመዱ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሲያመለክት ፍርድ ቤት ለጥቅሙ ሲል ብቻውን እንዳይዋዋል ሊከለክለው ይችላል። ከዚያ በኋላ ሰውየውን የሚጠብቀው አሳዳሪ፣ ንብረቱን የሚይዘው ሞግዚት ይባላል። እዚህ ቤት ሁለቱንም የያዘችው ሴት ልጃቸው ናት።

ጠቡም ከዚሁ መጣ። ታላቅ ወንድሟ ሲመጣ በሩ አይከፈትለትም። «እናቴን ለማየት ፈቃድ ላወጣ ነው እንዴ?» ብሎ በር ላይ ሲጮህ ሠፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እኛም ኮሚቴዎቹ፣ እውነቱን እንናገርና፣ ሳንጠይቅ ፈረድን። «ለቤቱ ብላ ነው» አልን። ሄደንም ተቆጣናት።

እሷ አልተከራከረችም። ቡና አፍልታ «እስኪመሽ ቆዩ» አለችን። ቆየን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናትዬዋ ተነሡና «ቤቴ ውሰዱኝ» ይሉ ጀመር፤ እዚያው በገዛ ቤታቸው ሆነው። ነጠላቸውን ይለብሳሉ፣ መልሰው ያወልቃሉ፣ በሩን ይታገላሉ። ልጅዬው ከሥራ ወጥቶ የሚመጣው ታዲያ በዚሁ ሰዓት ነበር። ገብቶም «እማዬ፣ እኔ ማነኝ? እስቲ ስሜን ጥሪኝ!» ይላቸዋል። ስሙ ሲጠፋባቸው ያለቅሳሉ፤ ሌሊቱን አይተኙም። ታናሽየው ደግሞ አንድ ቀን ወረቀት ይዞ መጥቶ አውራ ጣታቸውን ሊያስነካ ነበር። በፍርድ የተከለከለ ሰው የፈረመው ሊፈርስ እንደሚችል የነገረው የለም።

እሷም ጥፋት አለባት። በር ዘግታ ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም። አሳዳሪ መሆን እናትን ለብቻ መያዝ አይደለም ብለን ነገርናት። አለቀሰች። ለካ እሷም ብዙ ሌሊት አልተኛችም።

በሦስተኛው ሽምግልና ተስማሙ። እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ፣ አንድ በአንድ፤ ወረቀት የለም፣ «እኔ ማነኝ» የለም። በመጀመሪያው እሑድ ታላቅየውን በሟች አጎቱ ስም ጠሩት። ፊቱ ጠቆረ፤ እኛም ነበርን። በሁለተኛው ግን «አቤት» አላቸው። ያን ጊዜ ከወንድማቸው ጋር ከብት ስለ ጠበቁበት ወንዝ አጫወቱት። የትናንቱ ቢጠፋም የድሮው ቶሎ አይጠፋቸውም። ይኸው አራት እሑድ ሆነ።

ታናሽየው እስካሁን አልመጣም። አፍሮ ይሆናል። የምታገኙት ካላችሁ የወረቀቱን ነገር አታንሡበት። እሑድ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት በሩ ክፍት መሆኑን ብቻ ንገሩልን።

የእድሩ ጸሐፊ