የቲያና ጣሳዎችና የእኛ ቀብድ
(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ባለፈው እሑድ በአዳራሻችን ከልጆቻችን ጋር ተቀምጠን «ልዕልቷና እንቁራሪቱ» የተባለውን የካርቱን ፊልም አይተናል። ልጆቹ በእንቁራሪቶቹ ሲስቁ አመሹ። እኛ እናቶች ግን አንድ ቦታ ላይ ስንደርስ ጸጥ አልን። ዛሬ ወደ ሒሳብ ሪፖርቱ ከመግባታችን በፊት ስለዚያ ቦታ ትንሽ እንነጋገር። በኋላ ለምትሰጡት ድምፅም ይጠቅማል።

ፊልሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ዲዝኒ ነው። ጥንተ መነሻው ግን የጀርመኖቹ የግሪም ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1812 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ያለ ተረት ነው። በተረቱ የንጉሥ ልጅ የወርቅ ኳሷ ጉድጓድ ውስጥ ይገባባታል። እንቁራሪት ያወጣላታል፤ እሷም በምላሹ ከማዕዷ ልታበላው ቃል ትገባለች። ኳሷን ካገኘች በኋላ ግን ጥላው ትሮጣለች። እንቁራሪቱ ቤተ መንግሥት ድረስ መጥቶ በር ሲያንኳኳ፣ ቃሏን እንድትጠብቅ ያስገደዳት አባቷ ንጉሡ ነው። እንግዲህ ተረቱ ስለ ቃል ነው። ቃሉ የተከበረውም አስከባሪ ስለነበረ ነው።

ፊልሙ ይህን ታሪክ ወደ 1920ዎቹ አሜሪካ፣ ወደ ኒው ኦርሊንስ ከተማ ይወስደዋል። ባለታሪኳ ልዕልት አይደለችም፤ ቲያና የምትባል ጥቁር አስተናጋጅ ናት። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። አባቷ ምግብ ቤት የመክፈት ሐሳባቸው ሳይሳካ ሞተዋል። ቲያና ቀንና ሌሊት በሁለት ቦታ እየሠራች ጉርሻዋን በቡና ጣሳ ታጠራቅማለች። የምትፈልገው አንድ አሮጌ የስኳር ፋብሪካ ገዝታ ምግብ ቤት ማድረግ ነው። የጎደላትን የሞላችላት ባለጠጋ ጓደኛዋ ሻርሎት ናት። ልብ በሉ፤ ሻርሎት ምጽዋት አልሰጠቻትም። የእኛን ቦምቦሊኖ የሚመስል ጣፋጭ ለድግሷ አዘዘች፤ ዋጋውንም ከፈለች።

ጸጥ ያልንበት ቦታ ከዚህ ይቀጥላል። በድግሱ ማታ ሕንፃውን የሚሸጡት ወንድማማቾች ወደ ቲያና ይመጣሉ። ሌላ ሰው ሙሉውን ዋጋ በጥሬ ገንዘብ እንዳቀረበ፣ እስከ ረቡዕ ከዚያ በላይ ካላመጣች እንደማይሸጡላት ይነግሯታል። እንደ እሷ ላለች ሴት ትልቅ ንግድ መያዝ ይከብዳል፤ ባለችበት ብትቀር ይሻላል የሚል ምክርም ይጨምሩላታል።

ያን ጊዜ የሁላችንም ሐሳብ አንድ ቦታ ሄደ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን ቤት ለመከራየት ቀብድ ከፍለን ነበር። ምጣድ ገዛን። ሁለት እህቶቻችንም ይሠሩበት የነበረውን የሰው ቤት ለቀቁ። አከራዩ ግን የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ለከፈለ ሰው ቤቱን ሰጠ። ቀብዱን ከብዙ ምልልስ በኋላ መለሰልን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የሚያፈርስ ሰው እጥፉን እንዲመልስ ያዛል። እኛ እጥፉን በምን ወረቀት እንጠይቅ? ውልም ደረሰኝም አልነበረንም። አባላትን ደረሰኝ ተቀበሉ እያልን የምናስተምር የሒሳብ ክፍል ሰዎች፣ «ሰውዬው የታወቀ ነው» ተባብለን ከፈልን። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ይህን በጉባኤ ፊት ሳንናገር ሁለት ዓመት መቆየታችንም ሌላ ጥፋት ነው። የእነዚያን እህቶቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ወደ ቲያና እንመለስ። ከዚያ ውርደት በኋላ አንድ እንቁራሪት ያገኛታል። ልዑል ነኝ፣ ከሳምሽኝ ምግብ ቤቱን እንድታገኚ እረዳሻለሁ ይላታል። ወላጆቹ ገንዘብ እንደከለከሉት ግን አልነገራትም። ሳመችው፤ ራሷም እንቁራሪት ሆነች። የከፋዩን ኪስ ሳያዩ የሚገቡት ውል እንዲህ ያደርጋል።

በመጨረሻ ሰው ሆነው ተጋብተው፣ ጣሳዎቻቸውን ይዘው ወደ ወንድማማቾቹ ይሄዳሉ። በዚህ ጊዜ ጓደኛቸው አዞው ከኋላቸው ቆሞ ጥርሱን ያሳያል። ቁልፉ ወዲያው ወጣ! ልጆቻችን በዚህ ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። ግን እናስብበት። ቲያና በቁጠባ አልታማችም፤ መጀመሪያም ገንዘቧን ይዛ ነበር። የጎደላት ከኋላዋ የሚቆም ነው።

የፊልሙ ሠሪዎች ለቲያና መነሻ ያደረጓቸው በኒው ኦርሊንስ ይኖሩ የነበሩት ወይዘሮ ሊያ ቼዝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1946 ሲያገቡ ወደ ባለቤታቸው ቤተሰብ ምግብ ቤት ገቡ፤ በሙያቸውም አስከበሩት። ጥቁርና ነጭ አብረው በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ በተከለከለበት ዘመን፣ የመብት ታጋዮች በዚያ ቤት ተሰብስበው ይበሉና ይመክሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ከተማዋን ሲመታ ምግብ ቤቱ በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ያን ጊዜ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ረዳቸው፤ ምግብ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2007 እንደገና ተከፈተ። ወይዘሮ ሊያ እ.ኤ.አ. በ2019 በ96 ዓመታቸው አረፉ። በእርሳቸው ታሪክ ውስጥ አዞ የለም፤ ከኋላቸው የቆመው ያበሉት ሕዝብ ነው።

እኛም ዛሬ ሌላ ቤት አግኝተናል፤ ድምፃችሁን እንጠይቃለን። ያቀረብነው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ በጽሑፍ ውልና ያለ ደረሰኝ አንድ ብር ቀብድ አይከፈልም ብለን በጽሑፍ እናስፍር፤ ውሉም ያለ ምስክር አይፈረም። ሁለተኛ፣ ከገንዘብ ያዧ ጋር ሁለት አባላት ይፈርሙ፤ ወደ አከራዩም አንዲት ሴት ብቻዋን አትሂድ። ሦስተኛ፣ የስድስት ወር ኪራይ ለብቻው በባንክ ይቀመጥ፤ ሌላ ሰው በጥሬ ገንዘብ እንዳይቀድመን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶቻችን።

ደጋፊዎቻችን፣ ለእናንተም አንድ ልመና አለን። እንደ ሻርሎት ሁኑልን። ለስብሰባችሁና ለድግሳችሁ እንጀራውን ከእኛ እዘዙ፤ ዋጋውን ክፈሉን። በዕርዳታችሁ ምጣድ ገዝተናል፤ በትእዛዛችሁ ደግሞ ሁለቱ እህቶቻችን ወደ ምጣዱ ይመለሳሉ።