የተነሣው ድንጋይና የተተወው ድንጋይ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለመሬት ጥናት ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)



ስለ ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያ ሲነገር ዘወትር የሚወደሰው የሠሪው እጅ ነው። እጅ ከመሰንዘሩ በፊት ዓይን ምን እንደ መረጠ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ለወፍጮ የሚሆነውን ድንጋይ ለጉልቻ ከሚሆነው ለይታ የማታውቅ እመቤት በገጠር አትገኝም፤ ይህን መሰሉ ዕውቀት ከመቼ ጀምሮ እንደ ኖረ መመርመር የሰውን አእምሮ አጀማመር መመርመር ነው።

ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንድ የቁፋሮ ሥፍራ በትራካይት ስንጣሪ ተሞልቶ ቢገኝ፣ በዚህ ብቻ ምርጫ ነበረ ለማለት አያስደፍርም። ወንዙ ከትራካይት በቀር ሌላ ካላመጣ ሠሪው ያገኘውን አነሣ እንጂ አልመረጠም። ስለዚህ ፍርዱ የሚሰጠው የተነሣውን ድንጋይ ከተተወው ጋር በማነጻጸር ነው። በዚህም ምክንያት ጉዳዩ ከአርኪዎሎጂ ሊቃውንት ይልቅ ለመሬት ጥናት ባለሙያ ይቀርባል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለዚህ ዋነኛው አብነት በአፋር የሚገኘው ጎና ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1994 በቁፋሮ ወጥተው ዶክተር ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቻቸው በ1997 ለዓለም ያሳወቋቸው መሣሪያዎች ዕድሜያቸው ከ2.5 እስከ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ይደርሳል። ኋላም በዲትሪክ ስታውት መሪነት ተካሂዶ በ2005 የታተመው ጥናት በመሣሪያዎቹ ብቻ አልተወሰነም። በዚያው ዘመን ወንዝ ካነጠፈው የጠጠር ንጣፍ አሎሎ ያለ ምርጫ እየለቀመ፣ የሁለቱን ወገን ድንጋዮች ዓይነትና ውስጣዊ ጠባይ ጎን ለጎን አስተያየ። በመሣሪያዎቹ ዘንድ ገላቸው ደቃቅ የሆነና ትላልቅ የማዕድን ቅንጣት ያልበዛባቸው ድንጋዮች፣ በንጣፉ ውስጥ ከነበራቸው ድርሻ በልጠው ተገኙ።

ምክንያቱ ለዚህ ጉባኤ እንግዳ አይደለም። የቀለጠ ዐለት ቀስ ብሎ ሲበርድ በውስጡ ትላልቅ ቅንጣቶች ያድጋሉ። የምቱ ኃይል በደቃቁ ገላ ውስጥ ሲያልፍ መንገዱ ቀና ነው፤ ትልቅ ቅንጣት ሲገጥመው ግን ይሰናከላል፣ ስንጣሪውም ያለ ቦታው ይሰበራል ወይም ጠርዙ ይሻክራል። ወንዝ ያለሰለሰው አሎሎ ደግሞ ውስጡን በቀላሉ አያሳይም። ያ ቀዳሚ ፍጡር ጽሕፈት ቀርቶ ምናልባት ቋንቋ እንኳ ሳይኖረው፣ እያነሣ፣ እያገላበጠ፣ ምናልባትም መታ አድርጎ እያዳመጠ ይለይ ነበር ማለት ነው።

በጎና ምርጫው በአቅራቢያ ከነበረው የወንዝ ጠጠር ነበር። በደቡብ ምዕራብ ኬንያ፣ በሆማ ልሳነ ምድር፣ ካንጄራ በተባለው የ2 ሚሊዮን ዓመት ሥፍራ ግን በአጠገብ የነበረው ድንጋይ ለስላሳና ቶሎ የሚዶለዱም ስለ ነበረ፣ ጠንካራው ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ይመጣ ነበር። በዚያው ልሳነ ምድር በኒያያንጋ የተደረገውና በ2025 የወጣው ጥናት ደግሞ ርቀቱን እስከ 13 ኪሎ ሜትር፣ ዘመኑንም ወደ 2.6 ሚሊዮን ዓመት አድርሶታል። ሸክሙ በአንድ ጉዞ ሳይሆን በየእርከኑ ደርሶ ሊሆን ይችላል ቢባል እንኳ፣ ለስላሳው በእጅ ሥር ሳለ ጠንካራውን መሸከም ገና ላልደረሰ ሥራ መሰናዳት ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘውን መልካ ቁንጥሬን፣ ከባልጪት ጋር በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችውን፣ ከአባላቱ የማያውቅ አይኖርም። በዚያ ሲምቢሮ በተባለው ሥፍራ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ካስቆጠረው ንጣፍ ከወጡት 578 መሣሪያዎች 575ቱ የባልጩት መሆናቸው በ2023 ተገልጿል። ባልጩቱን በጎርፍ ጊዜ አምጥቶ የከመረው ወንዙ ነው፤ ስለሆነም እዚህ የሚያስደንቀው ርቀቱ አይደለም። ባልጩት ስለት ይሰጣል እንጂ ለሠሪው በቀላሉ አይታዘዝም፤ ጥቂት ያለ መጠን የበረታ ምት ያደቅቀዋል። ይህን ተሰባሪ ድንጋይ ወደው ይዘው ትልቅ የእጅ መጥረቢያ ከወጣለት የእጃቸው ልክ በሚገባ የታወቀ ነበር።

በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች ድንጋይ እየጠረቡ መፋቂያ የመሥራት ጥበብን እስከ እኛ ዘመን አድርሰዋል። የሚበጀውን ከማይበጀው የሚለዩበት ዓይን በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ነው። የጎናን ስንጣሪ ለመረዳት የሚሻ ሁሉ ከእነዚህ ባለሙያዎች ፊት ቢቀመጥ ከብዙ ግምት ይድናል።

ስለ ተተወው ድንጋይ ደግሞ አንድ ነገር ይቀራል። መሣሪያ በተገኘ ጊዜ በሣጥን ታሽጎ ወደ ሙዚየም ይላካል፤ በአጠገቡ ያለው የጥንት ጠጠር ግን ጠባቂ የለውም። ለመንገድ ሥራ ተጭኖ ከሄደ በሣጥን ያለው መሣሪያ ከምን መካከል እንደ ተመረጠ የሚመሰክር አይኖርም። ስለዚህ በመስክ የተሰማራ የመሬት ጥናት ባለሙያ በጥንታዊ ሥፍራ አጠገብ የጠጠር ንጣፍ ሲያገኝ፣ መሣሪያ ባያይበትም እንኳ፣ ከንጣፉ ያለ ምርጫ 100 አሎሎ ቆጥሮ የእያንዳንዱን ዓይነት፣ መጠንና የቅንጣት ብዛት፣ እንዲሁም የንጣፉን ከፍታና አቅጣጫ ቢመዘግብ ሥራው ከግማሽ ቀን አይበልጥም።