ከተበላሸ ውል በኋላ



በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በጣልያን ላይ ክተት ሲያውጁ የሸዋው ሠራዊት በጥቅምት እንዲገናኛቸው የቀጠሩት እዚሁ ወረኢሉ ነበር። ከዚያ በፊት ግን የተበላሸ ውል አለ። ሚያዝያ 1881 ዓ.ም.፣ እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ ውጫሌ ላይ ከጣልያን ጋር የተፈረመው ውል በጣልያንኛው ቅጂ ያልተስማሙበትን ግዴታ ይዞ ተገኘ። ንጉሠ ነገሥቱ አፍረው ዝም አላሉም። ተቃወሙ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ ከጣልያን የተበደሩትንም ገንዘብ መለሱ። እኔን የሚደንቀኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ዕዳውን የከፈለ ሰው «አይሆንም» ሲል ድምፁ አይንቀጠቀጥም።

ዛሬ ግን በር የሚበይደው ወጣት፣ ልብስ ሰፊዋ እህታችን፣ በግ ነጋዴው ወንድማችን ከደንበኛ ጋር አንዴ ሲጋጩ «እኔ ለንግድ አልተፈጠርኩም» ብለው ሥራውን ሲሸሹ አያለሁ። ከልቤ ያሳዝነኛል። ደንበኛው ካደ? በቃል ብቻ ተስማምታችሁ ይሆናል። ቀኑ አለፈባችሁ? ለመጣው ሁሉ «እሺ» ብላችሁ ይሆናል። ሁለቱም የሚታረም ነው፤ የት እንደተጎዳ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የሚቀጥለውን ደንበኛ ፊት ለፊት ያነጋግራል።

ቀብድ መጠየቅ አያሳፍርም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። እናም የማታደርሱበትን ቀን አትስጡ። ልኩን፣ ዋጋውንና ቀኑን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ ዛሬ በሚመጣው የመጀመሪያ ደንበኛ ጀምሩት።