በምን አወቅሽ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር፤ ደብረ ማርቆስ)

እንድናገር የተጠየቅሁት ለተግባር ልምምድ ወደ እኛ ስለሚመጡት የኮሌጅ ተማሪዎች ነው። ስለ እነሱ ለመናገር ግን ከራሴ ጥፋት መጀመር አለብኝ።

ባለፈው ዓመት ሁለት የሂሳብ ተማሪዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ተልከውልን ነበር። በዚያው ሰሞን የአንድ ወር የቁጠባ መዝገባችን ባንክ ከገባው ገንዘብ ጋር አልገጥም አለኝ። መዝገቡ በ270 ብር ይበልጣል። ብሩ ብዙ አይደለም፤ ግን በእኛ ማኅበር የጎደለ ብር የሰው ስም ይዞ ይጠፋል። ገንዘቡን ተቀብለው ባንክ የሚያስገቡት ገንዘብ ያዣችን ናቸው። እዚሁ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ይህን እንድናገርም ፈቅደውልኛል።

ፋይሉን ለሁለቱ ተማሪዎች ሰጥቼ «ለምን እንደማይገጥም ንገሩኝ» አልኋቸው። ልጁ ሁለቱን ድምሮች አየና ብዙም ሳይቆይ ተነሥቶ፣ ምንም ሳይደናቀፍ፣ «ገንዘቡ ባንክ ሳይደርስ ነው የጠፋው፤ ገንዘብ ያዧ ይጠየቁ» አለ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ እኔም በልቤ የጠረጠርሁት ያንኑ ነበርና። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ግማሽ ገጽ ጽፋ ሰጠችኝ። ሳላነበው መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። ኮሌጁ በላከው ቅጽ ላይ «የማሰብና ችግር የመፍታት ችሎታ» የሚል አንድ መስመር ነበር። ለልጁ «በጣም ጥሩ»፣ ለእሷ «መካከለኛ» ብዬ ፈርሜ ላክሁ።

ኮሚቴው ገንዘብ ያዣችንን ሊጠራ ሁለት ቀን ሲቀረው ያ ወረቀት እጄ ገባ። ልጅቷ እንዲህ ብላ ነበር፦ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ሁለት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የተገለበጠ ቁጥር ፈለግሁ። አግኝታዋለች። የአንዲት አባል ደረሰኝም የቁጠባ ደብተርም 360 ይላሉ፤ መዝገቡ 630 ይላል። መጨረሻው ላይ «ለ9 መካፈሉ ብቻውን ማረጋገጫ ስለማይሆን የቀሩትን ደረሰኞች በሙሉ አይቻለሁ፤ ሌላ ልዩነት የለም» ብላለች።

መዝገቡን የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ጥፋቴን ተናገርሁ፤ ገንዘብ ያዣችንንም ይቅርታ ጠየቅሁ። ለልጅቷ ግን አልደረስሁላትም። ደብዳቤ ይዤ ኮሌጁ ስሄድ የዓመቱ ውጤት ተዘግቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ራሴን «በምን መዝነሽ ነው?» እያልሁ ጠየቅሁ። ጤፍ ስንገዛ ቁናው ወይም ሚዛኑ በገዥና በሻጭ ፊት ይቀመጣል። እኔ ግን የሰውን አስተሳሰብ በዓይን ግምት ሰፍሬ፣ የሚናገረውን ልጅ አዋቂ፣ ዝም ያለችውን ልጅ ደካማ አድርጌ ነበር።

የትምህርት ባለሙያዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት መሣሪያ ሩብሪክ ይባላል። ተራ ሠንጠረዥ ነው። በግራ በኩል የሚመዘኑት ነጥቦች ይጻፋሉ፤ በቀኝ በኩል ደግሞ በየደረጃው የተማሪው ሥራ ምን እንደሚመስል በቃል ይገለጻል። የአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር በ2009 እ.ኤ.አ. ለሂሳዊ አስተሳሰብ ያወጣው ሩብሪክ አምስት ነጥቦች አሉት፦ ጉዳዩን ማብራራት፣ ማስረጃ፣ ዐውድንና የተደበቁ ግምቶችን መመርመር፣ የራስ አቋም፣ ድምዳሜ። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ይመዘናል።

እኛ ለሥራችን አራት አደረግናቸው፦ ጥያቄውን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ማስረጃ፣ ሌላ ምክንያት ማሰብ፣ ድምዳሜው ከማስረጃው አለማለፉ። ለምሳሌ በማስረጃ መስመር ላይ፣ ሰነድ ሳያገላብጥ የተናገረ 1 ያገኛል። አንድ ሰነድ ያየ 2፣ ሁለት ሰነዶችን ያመሳከረ 3፤ ሰነዶቹ ሲጋጩ የትኛው እንደሚታመንና ለምን እንደሚታመን ያስረዳ 4 ያገኛል። የሁለቱን ሥራ በዚህ መልሼ ብመዝነው፣ ከ16 ልጁ 5፣ ልጅቷ 13 ሆነ። እሷም ሙሉ አላገኘችም፤ ጥያቄውን መጀመሪያ ላይ ግልጽ አድርጋ አላስቀመጠችም ነበር። መናገር ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ንግግር ራሱን ችሎ ይመዘን፤ የማሰብን ቦታ አይውሰድ።

የምርጫ ጥያቄ ይህን አያሳይም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚፈተኑት የመውጫ ፈተና ትክክለኛውን መልስ የመረጠውን ያሳልፋል፤ እንዴት እንደደረሰበት ግን አይጠይቀውም። ለብዙ ሺህ ተማሪ ሌላ መንገድ ማግኘት ይከብድ ይሆናል። ሁለትና ሦስት ተማሪ የምንቀበል እኛ ግን ምክንያት የለንም።

ነገሩ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ቤቱ መምታቱን፣ ሰሙ ከወርቁ መግጠሙን፣ ምሥጢሩን እየመረመረ ያርመዋል። ተማሪውም በምን እንደሚመዘን አስቀድሞ ያውቃል። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው በዚሁ በጎጃም ቅኔ ያስተማሩ እናት ናቸው። በተማሪው ቁመና ሊታለሉ አይችሉም ነበር። እኔ ሁለት ዓይን ይዤ ወረቀቱን አላየሁም።

ዘንድሮ አሠራራችን ተለውጧል። ሠንጠረዡን ለተማሪዎቹ በመጀመሪያው ቀን እናሳያቸዋለን። ሁለት ሰዎች ለየብቻ እንመዝናለን፤ ውጤታችን ከአንድ ደረጃ በላይ ከተራራቀ ወደ ወረቀቱ ተመልሰን አብረን እናነባለን። ሁለተኛዋ መዛኝ ገንዘብ ያዣችን ናቸው። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ጠንካራ ናቸው።

ሠንጠረዡ ግን ብቻውን አያድንም። ተማሪዎቹ መስመሮቹን ካወቁ በኋላ ሁሉም «ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላል» ብለው ይጽፉ ጀመር። አሁን «የትኛው ምክንያት? የትኛው ሰነድ ላይ ይታያል?» ብለን በቃል እንጠይቃለን። ፋይሉንም በየጊዜው እንቀይራለን።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ በየዓመቱ ስንት ተማሪ እንዳሠለጠንን ትጠይቁናላችሁ፤ ቁጥሩን እንሰጣለን። ከዚህ በኋላ ሲመጡ ምን ያህል፣ ሲሄዱ ምን ያህል እንዳገኙም ከቁጥሩ ጋር ጠይቁን። እናቶቼ፣ እናንተ ደግሞ ከኮሌጅ የመጣች ልጃችሁ አንድ ነገር ስትነግራችሁ «ጎበዝ» ከማለታችሁ በፊት «በምን አወቅሽ?» በሏት። ስትመልስም፣ ድምፅዋ ዝቅ ቢል እንኳ፣ እስክትጨርስ አዳምጧት።