በደጋ ሐይቅ ላይ የፈጣን ጀልባ ፕሮፔለር አመራረጥ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሐይቅ ከተማ አጠገብ የሚገኘው ሎጎ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ጎረቤቱ አርዲቦ ደግሞ ከዚያም ከፍ ብሎ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚያንስ፣ በውቅያኖስ ጠረፍ ተፈትኖና ተስተካክሎ የመጣ የሞተር ጀልባ ምንም ሳይለወጥበት እዚህ ውሃ ላይ ቢወርድ አምራቹ የጻፈለትን ጉልበት አያገኝም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል እንደሚያጣ በመካኒኮች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በሎጎ ላይ ይህ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ ያለው ሞተር ነዳጁን በአየሩ ልክ ቢቀንስም የጎደለውን አየር ሊመልስ አይችልም፤ ካርቡራተር ያለው ሞተር ደግሞ ካልተስተካከለ ነዳጅ በዝቶበት ጥቁር ጭስ ያወጣል። ስለዚህ በወሎ ሐይቆች ላይ ፈጣን ጀልባ ለማሠማራት የሚያስብ ሰው ከሞተሩ የፈረስ ጉልበት አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ጉልበቱን ወደ ውሃው የሚያስተላልፉትን ክፍሎች፣ ማለትም ድራይቩንና ፕሮፔለሩን ነው።

ስተርን ድራይቭ የሚባለው ሞተሩ በጀልባው ሆድ ውስጥ ከኋለኛው ግድግዳ ተጠግቶ ሲቀመጥ፣ ማርሾቹና ፕሮፔለሩ ግን ከግድግዳው ውጭ ወደ ውሃ ወርደው የሚሠሩበት አሠራር ነው። መሪው ሲዞር የውጭው ክፍል በሙሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ውሃው ሲያንስም በሃይድሮሊክ ወደ ላይ ይነሳል። ይህን አሠራር የስዊድኑ ቮልቮ ፔንታ የአሜሪካዊውን የጂም ዊንን ሐሳብ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1959 አኳማቲክ በሚል ስም ለገበያ አቀረበው፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ሁለት ፕሮፔለሮች በአንድ መስመር ተደርድረው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከሩበትን ዱኦፕሮፕ አወጣ። ሁለት ፕሮፔለር ያለው ድራይቭ ጀልባውን ወደ አንድ ጎን ስለማይስብ ቀጥ ብሎ ለመሄድና ከቆመበት ለመነሳት የተሻለ ነው፤ ዋጋውና የጥገናው ወጪ ግን ከፍ ያለ ስለሆነ፣ አንዱ ሲበላሽ መለዋወጫ በቅርብ በማይገኝበት አገር ባለ አንድ ፕሮፔለሩ ይመረጣል።

በድራይቩ ውስጥ ያለው የማርሽ ምጣኔ ሞተሩ ስንት ዙር ሲዞር ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ እንደሚዞር ያመለክታል። ፒች የሚባለው ደግሞ ውሃው ጠጣር ቢሆን ኖሮ ፕሮፔለሩ በአንድ ሙሉ ዙር ወደፊት የሚጓዘው ርቀት ሲሆን፣ በኢንች ተለክቶ በፕሮፔለሩ ላይ ከዲያሜትሩ ቀጥሎ ይጻፋል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን ዳገት ጭነት ይዞ የሚጀምር ሾፌር በአምስተኛ ማርሽ ልውጣ ቢል ሞተሩ እንደሚታፈንበት ሁሉ፣ ፒቹ ለጉልበቱ የበዛበት ጀልባም ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ቢገፋም ዙሩ አይነሳለትም። ጉዳቱ ከፍጥነት ማነስ ያልፋል፤ በዝቅተኛ ዙር ከባድ ሸክም እንዲገፋ የተገደደ ሞተር ይግላል፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ካርቦን ይጠራቀማል፣ ነዳጁም ከጊዜው ቀድሞ እየፈነዳ ፒስተኑን ይበላዋል።

ስሌቱን በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። አምራቹ ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ሲገፋ በደቂቃ ከ4,400 እስከ 4,800 ዙር እንዲዞር ያዘዘለት፣ የማርሽ ምጣኔው 1.5 የሆነና ባለ 19 ኢንች ፒች ፕሮፔለር የተገጠመለት ጀልባ ቢታሰብ፣ ሞተሩ 4,800 ሲዞር ፕሮፔለሩ 3,200 ይዞራል፤ 19 ኢንች 48 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በስሌት ፍጥነቱ በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ውሃ ግን ጠጣር ባለመሆኑ ፕሮፔለሩ ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱ 15 በመቶ ከሆነ እውነተኛው ፍጥነት ወደ 79 ይወርዳል። ይኸው ጀልባ ሎጎ ላይ 4,200 ዙር ደርሶ ቢቆም፣ አንድ ኢንች ፒች መቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ስለሚጨምር፣ ሦስት ኢንች ዝቅ ብሎ ባለ 16 ኢንቹን መግጠም ሞተሩን ወደታዘዘለት ክልል ይመልሰዋል። የሚገኘው ከፍተኛ ፍጥነት 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ስድስትና ሰባት ኪሎ ሜትር ብቻ በመሆኑ በዚህ ፍጥነት እንኳ በስድስት ደቂቃ ያልቃል። በሎጎ ከፍተኛ ፍጥነትን ማሳደድ ትርፍ የለውም፤ ጀልባው መንገደኛ ሞልቶ ቶሎ ከውሃው ወለል ላይ መነሳቱ፣ በአደጋ ጊዜም ፈጥኖ መድረሱ ይበልጣል። ዓሣ አጥማጆች በሚሠሩበትና የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ባለበት ዳርቻ አጠገብ የሚነሳው ማዕበልም በራሱ ፍጥነትን የሚገድብ በቂ ምክንያት ነው።

ለከፍታ የተመረጠ ፕሮፔለር ወደ ቆላ ሲወርድ ጣጣ ያመጣል። ባለ 16 ኢንቹ ተገጥሞለት ከሎጎ ወደ አርባ ምንጩ ጫሞ የሚወሰድ ጀልባ 800 ሜትር ያህል ስለሚወርድ አየሩ ይወፍርለታል፣ ሞተሩም ከታዘዘለት ዙር አልፎ ሊሮጥ ይችላል፤ በሁለት ቦታ የሚሠራ ጀልባ ሁለት ፕሮፔለር ቢኖረው ተገቢ ነው።

የክንፎቹን ቁጥር በተመለከተ ባለ ሦስት ክንፉ በፍጥነት፣ ባለ አራት ክንፉ ጭነት ይዞ በመነሳትና በመታጠፊያ ላይ ውሃውን ባለመልቀቅ ይሻላሉ። አይዝጌ ብረት ከአልሙኒየም እጅግ ስለሚጠነክር ክንፉ ስስ ሆኖ ሊሠራና በፍጥነት ሊያተርፍ ይችላል፤ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ግን ሳይታጠፍ ምቱን ወደ ማርሾቹ ያስተላልፋል። ርካሹ የአልሙኒየም ክንፍ ተጣሞ ድራይቩን የሚያድን በመሆኑ ለዳርቻ ሥራ የተሻለው ምርጫ እሱ ነው።

በጣና ላይ እምቦጭ በፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞና ድራይቩ የማቀዝቀዣ ውሃ የሚስብበትን ቀዳዳ ደፍኖ ሞተር ያግላል፤ በሎጎ ላይ ይበልጥ የሚያሰጋው የዓሣ መረብ ነው። የናይለኑ ክር ከፕሮፔለሩ ጀርባ ዘንጉ ላይ ሲጠመጠም ከውጭ አይታይም፤ እየጠበቀ ሄዶ ፓራኦሊዮውን ይቆርጣል፣ ውሃም ወደ ማርሾቹ ዘይት ይገባል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ስለዚህ ፕሮፔለሩን በየጊዜው ፈትቶ ዘንጉን ማየት ያስፈልጋል። በዚያው አጋጣሚ ድራይቩን ከዝገት ለመከላከል ሲባል በእሱ ፈንታ እንዲበላ የሚታሰረውን ብረት መመርመር ይገባል፤ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ያገለገለ ጀልባ ለጨው ውሃ የተሠራ ዚንክ ታስሮለት ሊመጣ ይችላል፣ ዚንክ ደግሞ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ገጽታው እየተሸፈነ ሥራውን ስለሚያቆም፣ ጀልባው ሐይቁ ላይ ከመውረዱ በፊት በማግኒዚየም ይተካል።