ለውበት የተተከለ ሐረግ ከአጥር ሲያመልጥ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ኤኪኖሲስቲስ ሎባታ የተባለው ሐረግ የዱባና የኪያር ዘመድ ነው። የትውልድ ሀገሩ ሰሜን አሜሪካ ሲሆን፣ ወደ አውሮፓ የገባው አጥርና በረንዳ እንዲያስጌጥ ነበር። ከግቢ አምልጦ ዛሬ በሀንጋሪ፣ በሩማኒያና በፖላንድ ወንዞች ዳር የአኻያ ዛፎችን እየተጠመጠመ ፀሐይ ይከለክላል። ኪያርንና ዱባን የሚያጠቁ ቫይረሶችም በላዩ ተገኝተዋል። ስለዚህ ጉዳቱ ለአትክልት አምራቹም ይተርፋል።

እሾሃማው ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ 4 ዘር ይይዛል። ሲደርቅ ከታች ተከፍቶ ዘሩን ይጥላል፤ የወንዝ ውኃም ይወስደዋል። ሐረጉ ግን ዕድሜው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ለከርሞ የሚበቅለው ከዘር ነው። ስለሆነም ፍሬው ሳይበስል መንቀል ዋነኛው መድኃኒት ነው። ይሁን እንጂ የታችኛው ገበሬ ብቻውን ቢነቅል፣ ከላይኛው ማሳ የሚወርደው ዘር ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

በኢትዮጵያም ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ በዓለም የተዛመተው በአበባው ውበት ነው። እንግዳ ሐረግ በወንዝ ዳር ሲታይ ማኅበራት ከላይ እስከ ታች ተጠራርተው፣ ለግብርና ባለሙያ አሳይተው፣ በአንድነት ሊነቅሉት ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏልና።

መልካም በዓል!